ሳልጠየቅ የተቀዳ ጸሎት

ይጻፍልኝ የምለው በደል ይህ ነው፦ ለጎረቤቴ ብዬ፣ በገዛ ቤቴ፣ በሩን ዘግቼ ለእግዚአብሔር የተናገርኩትን ጸሎት አንድ ሚሞሪ የሚጭን ሰው ሳይጠይቀኝ ቀድቶ ለሶዶ ከተማ አደለው። ሳቁም፣ የቀበሌው ምልልስም፣ ሠርጉም ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ ከሠርጉ ይጀምራሉ፤ ከሠርጉ ስለሚጀምሩ በደሉ ይጠፋባቸዋል። እኔ ከበደሉ እጀምራለሁ።

ይህን ለመጻፍ ጎረቤቴን ጠይቄአታለሁ። የጻፍኩትን አነበብኩላት። ሁለት ነገር አውጪ አለችኝ፣ አወጣሁ። አንዱ የበሽታዋ ስም ነው። «ሶዶ ሁሉ ሰምቶት የለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። የሰማ ሰምቷል፤ እኔ ግን አልደግመውም። ሁለተኛው ምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ካለ ደግሞ ከቤቴ ይውጣ።

ጊዜው ሞባይል ከነጋዴና ከባለሥልጣን እጅ ወርዶ እኛ ዘንድ የደረሰበት ነበር። ባለ ሁለት ሲም የቻይና ስልክ መጣ፤ ድምፁ እዚህ ጮኾ ዳሞታ ተራራ ላይ የሚሰማ። ኢንተርኔትን በእኛ ሰፈር በስሙ ብቻ ነበር የምናውቀው። ዘፈን የፈለገ ዘፈን፣ መዝሙር የፈለገ መዝሙር፣ ከጥፍር የምታንሰውን ሚሞሪ ካርዱን ይዞ ጫኚዎቹ ዘንድ ይሄድና አስሞልቶ ይመለሳል።

እኔና ጎረቤቴ የምንገናኘው በበር አይደለም፣ በአጥር ቀዳዳ ነው። በግቢዎቻችን መካከል ባለው አጥር ላይ ሁለት እጅ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ። ፍም በዚያ ያልፋል፣ ዳጣ በዚያ ያልፋል፣ ወሬ በዚያ ያልፋል። እሷ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ሁለት ያገቡ ወንዶች ልጆች አሏት። አንድ ቀን ጎመን እየቀነጠሰች በቀዳዳው ጠራችኝ።

«እህቴ፣ ሰው ጠየቀኝ።»

«ምን ጠየቀሽ? ብድር?»

«እኔን ነዋ!»

ሰውየው የቢጠና ከተማ ሽማግሌ ናቸው፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው። በቤተ ክርስቲያን ኮንፈረንስ ላይ ተገናኝተው ነበር።

«ታዲያ ምን አልሻቸው?»

«አስብበታለሁ አልኳቸው።»

«አሰብሽበት?»

«በዚያው ቀን አስቤ ጨርሻለሁ። ግን ይቆዩ። እስከ ጊፋታ፣ እስከ ዘመን መለወጫችን ይቆዩ። የመጀመሪያውን ጊዜ እሺ ያለልኝ አባቴ ነው፤ እኔ ከብቶች ውሃ ላጠጣ ወርጄ ስመለስ ተሰጥቼ ጠበቀኝ። ይህችን እሺ እኔ ነኝ የምላት። ለእሳቸውም እኔ፣ ለልጆቼም እኔ። አፍሽን ያዢ።»

አፌን ያዝኩ። አፌን መያዜን ባጃጅ የሚነዳ ሁሉ ባያምንም፣ ያዝኩ።

ከዚያ ታመመችና ዱቦ ሆስፒታል ተኛች። ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልጋት ሲነግሯት ፈራች። በስልክ ደውላ «ነይና ጸልዪልኝ» አለችኝ። ላሜ ልትወልድ ደርሳ ነበር፤ ጉልበቴም ያን ሰሞን ደረጃ ያለው ነገር ሲያይ ያለቅስ ነበር። አስተማሪዋ ልጄ «ለምን አትቀጂላትም?» አለችና ስልኬ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት አሳየችኝ። ስትጀምሪ ተጫኚው፣ ስትጨርሺ ተጫኚው። ልጄን ከቤት አስወጣሁ። ጸሎት ሰው እያየኝ አልወድም። በሩን ዘጋሁ፣ ቀዩን ተጫንኩ፣ በወላይትኛ ጸለይኩ። በአማርኛ እንዲህ ይመስላል፦

«ጌታ ሆይ፣ ይህችን ሴት ታውቃታለህ፤ ከእኔ አጥር ቀጥሎ ያለችው ናት። ሐኪሙ ገና ልጅ ነው አሉኝ፣ እጁን አንተ ያዝለት። ልጆቿን ገሥጽ። መሬቷን ያርሳሉ፣ ሳሙና አይገዙላትም። የትንሹ ልጅ ሚስት የዶሮዎቿን እንቁላል ትቆጥራለች፤ የራሳችንን ጠጉር የቆጠርክ አንተ፣ መቁጠር የማን ሥራ እንደሆነ ንገራት። የቢጠናውንም ሰው አስብ። እሺ ልትለው ቆርጣለች፣ እስከ ጊፋታ ግን አትነግረውም፤ ዕድሜው ስለገፋ እስከዚያ በሕይወት አቆይልን። ጥርስ የለውም ብላኛለች። ጌታ ሆይ፣ ጥርሱን ተወው፣ ልቡን እይ!»

ስጨርስ ቀዩን ተጫንኩ። ልጄ ካርዱን ስታየው ገና ብዙ ባዶ ቦታ አለው አለችኝ። እኔ ዱቦ ድረስ ግማሽ ከረጢት የምልክ ሴት አይደለሁም። ካርዱን ይዤ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ጫኚ ሄድኩና «በተረፈው ቦታ መዝሙር ሙላልኝ» አልኩት። ልጅ ነው ብላችሁ እንዳታዝኑለት፤ ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት፣ ጢሙን በወጉ የሚላጭ ሰው ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ካርዱን ሰካ፣ ሞላ፣ ሰጠኝ። ካርዱ ዱቦ ሄደ። ጎረቤቴ አልጋዋ ላይ ሆና ሰምታ ሳቀች፣ አለቀሰችም፤ ቀዶ ጥገናውም በሰላም አለፈ። ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ካርዱንም በአጥሩ ቀዳዳ መለሰችልኝ። ነገሩ አለቀ ብዬ አሰብኩ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጠናል። ሰባኪው ስለ ዝምታ እየሰበከ ነው። በድንገት አንዲት ሴት ጮኸች፦

«ጌታ ሆይ፣ ጥርሱን ተወው፣ ልቡን እይ!»

ድምፁ የእኔ ነበር። አእምሮዬ ከድቶኝ የጮህኩ መሰለኝና አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። አፌ ተይዞም ድምፄ ደገመ፦ «ጥርሱን ተወው!» ከኋላ ያሉት «አሜን!» አሉ። ከመዘምራኑ አንዷ ቦርሳዋን እየበረበረች ነበር፤ ስልኳ ነው የሚጠራው። የእኔ ጸሎት የስልክ ጥሪ ሆኗል። ልታጠፋው ስትጣደፍ ይባስ ከፈተችው፤ እንቁላሉም፣ ሳሙናውም፣ የቢጠናውም ሰው በምዕመናን መካከል አለፉ። ከፊቴ ሁለት ወንበር አልፋ የተቀመጠችው ጎረቤቴ አንገቷ አልዞረም። ልጆቿ ከወንዶች በኩል ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ።

ወደ ቤት ስንሄድ አልጠበቀችኝም። እኔን የጫነኝ ባለባጃጅ በመስታወቱ እያየኝ «እማማ፣ ድምፅዎ… ‹ጥርሱን ተወው› እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለኝ። አንድ ጊዜ ዘወር ብሎ ካላየኝ አላምንም አለ፤ ቦይ ውስጥ ልንገባ ትንሽ ቀረን።

በማግስቱ የአጥሩ ቀዳዳ በእሾህና በደረቀ የእንሰት ቅጠል ተጠቅጥቆ አገኘሁት።

«እህቴ!» አልኩ በእሾሁ ላይ።

«ለማን ሰጠሽው?»

«ለማንም አልሰጠሁም። ለአንቺ ብቻ ነው።»

«ለእኔ ብቻ ከሆነ ትላንት የጎመን ነጋዴዋ እንዴት ‹ሙሽራዬ› አለችኝ? ልጆቼ ሳልነግራቸው ሰሙት። እኔ የምለውን ሌላ ሰው አለልኝ፤ አሁንም ሌላ ሰው!»

«ማን እንዳደረገው አጣራለሁ።»

«ያደረገው ሰው ካለ በአፉ ይንገረኝ። እስከዚያ ፍምሽን ከሌላ ቤት ፈልጊ።»

ነጠላዬን አስተካክዬ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ። ጫኚው ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«ውይ እማማ! እርስዎ ነበሩ እንዴ ‹ጥርሱን ተወው›? ታዋቂ ሆነዋል እኮ!»

«ማን ሰጠህ?»

«እርስዎ። ካርድዎን ሰጡኝ አይደል?»

«መዝሙር ጨምርበት አልኩህ እንጂ ያለውን ውሰድ አልኩህ?»

እንደ ትልቅ ሙያ አስረዳኝ። ካርድ ሲመጣ መጀመሪያ ላዩ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ ይገለብጣል። አዲስ ዘፈን፣ አዲስ መዝሙር፣ አዲስ ቀልድ የሚያገኘው በዚህ ነው። ጫኚ ሁሉ የሚሠራው እንዲህ ነው። የእኔን «መንፈሳዊ» ከሚለው ጋር አደረገው፤ መዝሙር ለጠየቀ ሁሉ አብሮ ይገባል።

«ሰምተኸው ነው የሰጠኸው ወይስ ሳትሰማ?»

«ግማሹን ሰምቼ ነው። ሳቄ መጥቶ ጨረስኩት።»

«ልጄ፣ የቦዬ ሥር ጨምርበት ብዬ ከረጢት ብሰጥህ፣ ከሥር ያለውን ቂቤዬን አውጥተህ ለገበያው ትመግባለህ?»

«ቂቤ ቢሆንማ ይጎድል ነበር። ይሄ አይጎድልም እማማ! ካርድዎ በእጅዎ ነው፣ ጸሎቱም ካርዱ ላይ አለ። ምን ጎደለብዎት?»

እዚህ ላይ ጥዬው ወጣሁ። መልስ የማጣ ሴት አይደለሁም፤ ግን የሚሞሪ ነገር አዲስ ነበረብኝ። መልሱ የመጣልኝ ስቴዲየሙ ጋ ስደርስ ነው። ተመልሼ ሄጄ በደንበኞቹ ፊት «ምንም ካልጎደለ ጎረቤቴ የት ሄደች?» አልኩት። እሱ ግን የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ነበር።

ቀበሌ ሄድኩ። ያን ጊዜ የመልካም አስተዳደር ወሬ የበዛበት ነበር፤ ግድግዳው ላይ ሁሉ «ቅሬታዎን ያቅርቡ» ይላል። አቀረብኩ። ጸሐፊው ከሌላ አካባቢ የመጣ፣ ወላይትኛ የማይሰማ ሰው ነው።

«ምን ተሰረቀብዎት እናቴ?»

«ጸሎት።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ መልሶ አነሳውና ማስረጃ አለኝ ወይ አለኝ። ስልኩን አወጣሁ። ያጫውቱት አለኝ፤ አጫወትኩት። መታወቂያ ለማሳደስ ውጭ የተሰለፉት አንድ በአንድ ገቡ። እንቁላሉ ጋ ሲደርስ ቢሮው በሳቅ ተናጋ። እሱ ብቻ ነው ያልገባው።

«ምን እያለ ነው? ይተርጎምልኝ እንጂ!»

ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ተረጎመለት። አንደኛው ያልነበረ ነገር ጨምሮበታል። ጸሐፊው እንባውን ጠርጎ ከመሳቢያው ፍላሽ አወጣ።

«በሉ እንግዲህ፣ አንድ ኮፒ ለፋይሉ እዚህ ይቀመጥ።»

ስልኬን ከጠረጴዛው ላይ መነተፍኩ። «ልጄ፣ ከአንዱ ቀጂ አስጥለኝ ብዬ መጣሁ እንጂ ሁለተኛ ቀጂ ሁን አልኩህ?»

ለነገሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ አፈረ። ከአለቃው ጋር ተንሾካሾከና ተመለሰ። «እናቴ፣ ቢሰድብዎት ሕግ አለው። ቢመታዎት ሕግ አለው። ጸሎት ቢቀዳ ግን… እስካሁን መመሪያ አልወረደም።»

«እኔ ወደ ላይ ነበር የላክሁት፤» አልኩት። «ወደ ታች የወረደው ያለ መመሪያ ነው።»

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም «እህታችን፣ ሰው ተባርኮበታል፣ ደስ ይበልሽ» አሉኝ። የተባረከውን ሰው ቁጠሩልኝና የሳቀውን እኔ እቆጥራለሁ አልኳቸው። በዚህም አልተስማማንም።

በርጩማዬን ይዤ ጫኚው በር ላይ ተቀመጥኩ። መንገዱ የመንግሥት ነው፣ በርጩማው የእኔ ነው። ካርድ ይዞ የመጣውን ሁሉ በትሕትና እጠይቃለሁ፦ «ልጄ፣ ካርድህ ላይ ምን አለ? ይህ ሰው ከመጫኑ በፊት የእሱ ያደርገዋል፤ እወቅ ብዬ ነው።» አንዲት አዲስ ሙሽራ የሠርጓን ፎቶ አስባ ካርዷን ጡት መያዣዋ ውስጥ መልሳ ከተተችው። አንድ ክራባት ያሰረ የቢሮ ሰው ጥያቄዬን ሲሰማ ካርዱን እንደያዘ ቆመ። ካርዱ ላይ ምን እንደነበረ አላውቅም፤ ፊቱ ግን ያውቅ ነበር። ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንዳስጫነ በጣቱ ሲቆጥር አየሁት፤ ከዚያም እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ውሃ ሰጠሁት።

ጫኚው በመስኮት ብቅ ይልና «እማማ፣ እንጀራዬን ነው የሚዘጉት!» ይላል።

«እኔ ምን ዘጋሁ? ሱቅህ ያው አለ፣ ኮምፒውተርህ ያው አለ። ምን ጎደለብህ?»

ይህን ስለው ደስ አለኝ። አልዋሽም።

በዚህ መካከል የቢጠናው ሽማግሌ መጡ። ወሬው እሳቸው ጋ የደረሰው በሚኒባስ ነው፤ ረዳቱ ጸሎቱን ከፍቶት ሲመጣ እሳቸው ኋላ ወንበር ላይ ነበሩ። ሰዉ ሲስቅ እሳቸውም አብረው ስቀዋል፤ ስለ ማን እንደሆነ የገባቸው «የቢጠናው ሰው» ሲባል ነው። ሽማግሌዎች ይዘው፣ ኮት ለብሰው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው ጎረቤቴ ግቢ ገቡ። በተደፈነው ቀዳዳ በኩል ጆሮዬን አድርጌ ሰማሁ። ልጆቿ በትሕትና ተቀበሏቸው፤ ታላቁ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ካፈረበት ቀን በኋላ አንድ ካርቶን ሳሙና አምጥቶላት ነበር፣ የትንሹ ሚስትም እንቁላል መቁጠሯን ትታለች። ነገሩ በሰላም አለቀ። መጨረሻ ላይ ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ «የእሷን ፈቃድ እንጠይቅ ወይስ…» ብለው ጀመሩና ሳቁ። «ምን መጠየቅ ያስፈልጋል? አገር ሰምቶታል!»

ሁሉም ሳቀ። እሷ ስትነሳ ሰማኋት። ወደ ቤት ገባች፣ በሩም ተዘጋ።

በማግስቱ እሾሁ ከቀዳዳው ተነሥቶ ነበር። ፊቷን አየሁት። «አልጠየቁኝም፤» አለች። «እሺ ልላቸው ተዘጋጅቼ፣ ነጠላዬን ቀይሬ ተቀምጬ፣ አልጠየቁኝም።» ከዚያ ቀጥላ «ያ ጸሎቱን የቀዳው ሰው ይምጣ» አለችኝ።

ከተማው ግን ለእኔ መልስ አዘጋጅቶ ነበር። ሳሙና ተገዛ፣ እንቁላል ተረፈ፣ ሁለት ብቸኛ ሰዎች ሊጋቡ ነው፤ ምን ቀረሽ? ጫኚው ራሱ «ያጋባኋቸው እኔ አይደለሁ?» እያለ ያወራ ጀመር፤ የሠርግ ጥሪ ይጠብቅ ነበር መሰለኝ። እኔ ግን ከበርጩማዬ አልተነሣሁም። ሌባ የወሰደው ዘር ማሳ ላይ ወድቆ ቢበቅል፣ ማሳው አማረ ተብሎ ሌባው ይመሰገናል? ደንበኛ ሲያጣ እሱ ራሱ የሰፈር ሽማግሌዎችን ላከብኝ። እሺ አልኩ፣ በእኔ ግቢ፣ በአቮካዶው ሥር ይሁን።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ጎረቤቴ መጣች፣ ልጆቿ መጡ፤ የቢጠናውም ሽማግሌ ከንፈራቸውን እንደገጠሙ መጡ። ጫኚው ጫማውን አስጠርጎ መጣ።

«እማማ፣ ከኮምፒውተሬ አጥፍቼዋለሁ፤» አለ። «ይቅርታ። ለክፋት አልነበረም፣ መንፈሳዊ ነው ብዬ ነው። ደግሞም መልካም ሆኖ የለም?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አሉ።

«አይታፈስም፤» አልኩ። «ያፈሰሰው ሰው ግን እዚህ ተቀምጧል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ጸሎቱ የማን ነበር?»

«የእርስዎ፤» አለ ቶሎ ብሎ።

ደስ ሊለኝ ሲል ጎረቤቴ እጇን አነሣች። «የእሷ ድምፁ ነው። ውስጡ ያለው የእኔ ነው። እኔን ጠይቀኝ።»

ጫኚው ወደ እሷ ዞረ። ካርድ ሰጥታው አታውቅም፣ ሱቁን አታውቀውም፤ ጸሎቱን የገለበጠ ዕለት ያሰባትም አይመስለኝም።

የቢጠናው ሽማግሌ ያን ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። በእርግጥም ጥርስ የለም። «እኔ እንዳልሰማሁ ሆኜ እንደገና ብጠይቅሽስ?» አሏት።

ጎረቤቴ ሳቀች፤ ከሆስፒታል ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። «ሰምተዋል እኮ!» አለቻቸው። «ሚኒባስ ውስጥ ነው የሰሙት፣ ኋላ ወንበር ላይ።» ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ጫኚው ዞረች።

«እኔ በዕድሜዬ አንዲት እሺ ነበረችኝ፣ በአፌ የምላት። ከኮምፒውተርህ አጠፋሁ ትላለህ። ከእሳቸው ጆሮ ታወጣታለህ? ከልጆቼስ ጆሮ? አውጥተህ፣ እኔ እንድናገራት በእጄ ትመልስልኛለህ?»

ሽማግሌዎቹ ለእሱ ሊመልሱለት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ እጄን ዘርግቼ ከለከልኳቸው፤ በአፉ ይንገረኝ ብላለች። ጫኚው ከመቀመጫው ተነሣ።

«አልችልም እናቴ፤» አላት። «የእርስዎ ነበረች። ሳልጠይቅ ወሰድኳት፤ መመለስ አልችልም።»